ጥያቄ፦ ለማዕቀብ ረቂቅ ሕግ ማሻሻያ የሚገባው መቼ ነው?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሜሪካ ነው። በአንድ አገር ባለሥልጣናት ላይ ማዕቀብ የሚጥል ረቂቅ ሕግ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴን አልፎ ለተወካዮች ምክር ቤት ሊቀርብ ነው። ረቂቁን አንቃወምም፤ ምግብና መድኃኒት ማዕቀቡ እንደማይነካቸው በግልጽ ይጻፍ ነው የምንለው። የእንደራሴያችን ቢሮ «ደንቡ ይውጣና እናያለን» አለን። የምን ደንብ? ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ተነስቶ ማሻሻያ ማቅረብ አይችልም እንዴ?

ሰነድ ወዳድ
አብዛኛውን ጊዜ አይችልም። አከራካሪ ረቂቆች አዳራሹ ከመድረሳቸው በፊት በደንብ ኮሚቴው፣ ማለትም በሩልስ ኮሚቴ፣ ያልፋሉ። 13 አባላት አሉት፤ 9ኙ ከአብላጫው ፓርቲ፣ 4ቱ ከአናሳው። የሚወስነው አፈ ጉባኤው የፈለገውን ነው ብትሉ ብዙም አትሳሳቱም።

ኮሚቴው ለዚያ ረቂቅ ብቻ የሚሠራ ደንብ ያዘጋጃል። ክርክሩ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ብዙ ጊዜ 1 ሰዓት ነው፣ ለሁለቱ ወገን እኩል ተከፍሎ። የትኛው ማሻሻያ ይቀርባል? ለእናንተ ዋናው ይሄ ነው። ደንቡ ዝግ ከሆነ ማሻሻያ የለም፣ አለቀ። ከፊል ክፍት ከሆነ ደግሞ ኮሚቴው መርጦ የዘረዘራቸው ብቻ ይቀርባሉ። ከዚያ ምክር ቤቱ ደንቡን ራሱን በተራ አብላጫ ድምፅ ያጸድቀዋል። ቴሌቪዥን ላይ የምታዩት ክርክር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ማታ አንባቢ
መጀመሪያ ረቂቁ በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ ጠይቁ። ሁለቱም ፓርቲዎች የተስማሙባቸው የማዕቀብ ረቂቆች ብዙ ጊዜ በአቋራጭ ነው የሚያልፉት፦ 40 ደቂቃ ክርክር፣ አዳራሽ ውስጥ ማሻሻያ ማቅረብ ክልክል፣ ለማለፍ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሩሲያን፣ ኢራንንና ሰሜን ኮሪያን አንድ ላይ የነካው ሕግ በዚህ ሄዶ 419 ለ3 አለፈ። የእናንተም እንዲህ ከመጣ ያላችሁ ዕድል ረቂቁን ያቀረበውን አባል ቀድሞ ማሳመን ነው። እሱ ከተስማማ የተስተካከለውን ጽሑፍ ይዞ ሊቀርብ ይችላል።

ዘመኑ
ዝግ ደንብ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ የ2025ቱን ተመልከቱ። በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ላይ ማዕቀብ የሚጥለው ረቂቅ ደንቡ የወጣለት አዲሱ ምክር ቤት ሥራ በጀመረበት ቀን፣ ከአጠቃላይ የምክር ቤቱ ደንቦች ጋር በአንድ ውሳኔ ተጠቅልሎ ነው። ሳምንት ሳይሞላው 243 ለ140 አለፈ። ማሻሻያ የሚያስብ ሰው እስክሪብቶ እስኪያነሳ ባቡሩ ሄዷል።

ጠያቂ
እሺ፣ ዝግ ካልሆነስ? በተግባር ምን እናድርግ?

ሰነድ ወዳድ
ኮሚቴው ማሻሻያ መቀበል ከፈለገ የማስገቢያውን ቀንና ሰዓት በድረ ገጹ ያስታውቃል። ጊዜው አጭር ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን አትጠብቁ። ጽሑፉን በሕግ ቋንቋ የሚያዘጋጁት የምክር ቤቱ ረቂቅ አዘጋጅ ጠበቆች ናቸው፤ ሥራ ይበዛባቸዋል። የእንደራሴያችሁ ቢሮ ከአሁኑ ይላክላቸው። ከተቻለ ከአብላጫው ፓርቲ አንድ አባል አብሮ ይፈርም፤ በእኔ ግምት ከማንኛውም ልመና ይህ ይበልጣል። ማሻሻያው ከረቂቁ ጉዳይ እንዳይወጣም ተጠንቀቁ፣ ውድቅ ማድረጊያ ሰበብ ይሆናል። የእናንተ እንኳ ስለ ማዕቀቡ ስለሆነ ችግር የለበትም።

ብርቱካን
ሴኔቱንስ ረሳችሁት? እዚያ የደንብ ኮሚቴው እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም። ወይ ሁሉም ይስማማል፣ ወይ ክርክሩን ለመዝጋት 60 ድምፅ ይፈለጋል። ዘመኑ የጠቀሰው ረቂቅ እዚያ 54 ለ45 ሆኖ ቆመ። በተወካዮች ምክር ቤት በሩ ቢዘጋባችሁ የምግብና የመድኃኒቱን አንቀጽ ለሴናተሮቻችሁ ውሰዱት። ኢትዮጵያን የሚመለከተውን የማዕቀብ ረቂቅ፣ ኤችአር 6600ን፣ የሚያስታውስ ያውቃል፤ ያን ሁሉ ሰልፍና ስልክ አስነስቶ ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ ሳይሰጥበት በጃንዋሪ 2023 የኮንግረሱ ዘመን አለቀ።