«በተነ» ለሁለቱም ይሆናል እንዴ?

እንኮይ፦
ጤና ይስጥልኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቸክያለሁ። ስለ ፈረንሳይ ሕገ መንግሥት ታሪክ እየተረጎምኩ ነው። በ1877 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው) ፕሬዚዳንት ማክማሆን በሜይ ወር የተወካዮች ምክር ቤቱን ሥራ ለአንድ ወር አስቆመ። በጁን ደግሞ ሴኔቱን (ላይኛውን ምክር ቤት) አስፈቅዶ ጨርሶ አሰናበተው፤ አዲስ ምርጫ ሆነ። እኔ ለሁለቱም «በተነ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ አንብባ «አንድን ምክር ቤት በአርባ ቀን ሁለቴ እንዴት ይበትኑታል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለመጀመሪያው ምን ልበል?

ቀለም ቀንዱ፦
ለሁለተኛውስ ቢሆን መች ልክ ሆነና? «በተነ» በግእዝ ዘረወ ነው። ዳዊት የደገመ ያውቀዋል፦ «ይትነሣእ እግዚአብሔር ወይዘረዉ ፀሩ»። የሚበተን ጠላት ነው። ምክር ቤት ጠላት ነው?

ድምቡሎ፦
ለማክማሆንማ ነበር! እሱ የዘውድ ወገን፣ ምክር ቤቱ የሪፐብሊካኖች። 363 እንደራሴዎች ተቃውሞ ፈርመውበታል። ዳዊቱ ሰምሯል።

ቀለም ቀንዱ፦
ቀልዱ ይቆየን። ፈረንሳዮቹ የሚሉት ቃል የላቲን ሥሩ ቋጠሮ መፍታት ነው። ስለዚህ ግእዙ ፈትሐ። ፈትሐ ደግሞ ፈረደም ነው፤ ፍትሐ ነገሥትን አስቡ። ቋጠሮው ይፈታል፣ ፍርዱ ለሕዝብ ይሄዳል። «ምክር ቤቱን ፈታው» በይ እኅቴ።

ሰዋስው፦
ሚስቱ ነው እንዴ? «ፓርላማው ተፈታ» ቢሉኝ እኔ ታስሮ ነበር ወይ ነው የምለው።

ድምቡሎ፦
ወታደርም ይፈታል እኮ። መንደርም ሰው ለቆት ሲሄድ ተፈታ ይባላል።

ቀለም ቀንዱ፦
ይኸው!

ሰዋስው፦
ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 60 ላይ «መበተን» ይላል። አለቀ። ደግሞ እዚያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በራሱ በምክር ቤቱ ፈቃድ ነው የሚያስበትነው። እንኮይ «አስፈቅዶ» ማለቷን ወድጄዋለሁ። ያኔ ያለ ሴኔቱ ፈቃድ አይሆንም ነበር። የ1958ቱ የፈረንሳይ ሕገ መንግሥት ግን ፕሬዚዳንቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና የሁለቱን ምክር ቤቶች አፈ ጉባኤዎች እንዲያማክር ብቻ ነው የሚለው። ማስፈቀድና ማማከር ሰማይና ምድር ናቸው። ደጎል በ1962፣ ማክሮን በ2024 የበተኑት አማክረው ነው።

ጀማሪ፦
እኔ ዘረወና ዘራ አንድ ይመስሉኛል። ምክር ቤቱ ሲበተን ዘር ነው፣ በምርጫ ይበቅላል። ፈረንሳይ አሁን ከተበተነ ከ20 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ነው ምርጫው። ቶሎ የሚደርስ እህል!

ቀለም ቀንዱ፦
የኔ ልጅ፣ ዘራ ዘርአ ነው፣ በአ ይጨርሳል። ዘረወ በወ። እኛ ቅኔ ቤት እንዲህ ብንል ኩርኩም ነበር።

ሰዋስው፦
የኔታ፣ ዘርዐ በዐይኑ ዐ ነው። ኩርኩሙን ለማን እናድርሰው?

ቀለም ቀንዱ፦
በአልፋው የጻፉ መጻሕፍት ሞልተዋል።

ሰዋስው፦
ስሕተትም ሞልቷል።

ድምቡሎ፦
ሁለታችሁም ሴኔቱን አስፈቅዱና ተበተኑ።

ሰዋስው፦
ቆይ ግን። ስብሰባ ይበተናል፣ ነገ ይቀጥላል። ተማሪም ከትምህርት ቤት ይበተናል፣ ጠዋት ይመለሳል። እንደ ዕለት አነጋገራችን ከሆነ «በተነ» የሚሻለው ለመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ቀለም ቀንዱ፦
ታዲያ ለሁለተኛው «ፈታው» ቀረ ማለት ነው። አንቀጽ 60ም ይታረም።

ድምቡሎ፦
ምርጫውን ሪፐብሊካኖቹ መልሰው አሸነፉ። መሪያቸው ጋምቤታ «ወይ ይገብራል ወይ ይለቃል» ያለው ደረሰ። ማክማሆን መጀመሪያ ገበረ፣ በ1879 ደግሞ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሪፐብሊክ (ያኔ በነበረው የመንግሥት ሥርዓት) አንድም ፕሬዚዳንት ደፍሮ ምክር ቤት አልበተነም። ማን ማንን ፈታ እንበል?

እንኮይ፦
አመሰግናለሁ። ጥያቄዬ ግን እዚያው ነው። ነገ ማስረከቢያዬ ስለሆነ ለጊዜው «እንደራሴዎቹን ለአንድ ወር ወደየቤታቸው ላካቸው» ብዬ ትቼዋለሁ።

ቀለም ቀንዱ፦
«ላከ» ግእዙ ለአከ ነው እኅቴ። መልአክ ከዚያ ነው የወጣው። መላእክት አደረግሻቸው እኮ።

ሰዋስው፦
አሁን ደግሞ በየትኛው አ ነው?