«መዶሻ ይዞ የመዞር ዘመን አልፏል» አሉን!

ጠጠር፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ አንድ እንግዳ «ሳተላይቱ ወርቁን ስለሚያየው መዶሻ ይዞ የመዞር ዘመን አልፏል፤ ፈቃድም በካርታው ይሰጥ» ሲሉ ሰማችሁ? በቶን 3 ግራም ሲገኝ እኮ እሰይ ይባላል። ከሚሊዮን ሦስት! 30 ሜትር በ30 ሜትር መሬት በሚሸፍን አንድ የምስል ነጥብ (ፒክስል) ውስጥ ይህን የሚያይ ዓይን የማን ነው?

ፒክስል፦ ነገር ፍለጋ ነው። የሚታየው ወርቁ ሳይሆን አብሮት የተለወጠው ድንጋይ ነው። ላንድሳት 8 በሚባለው ሳተላይት ምስል ላይ ባንድ 4ን (ባንድ ማለት ሳተላይቱ ለየብቻ የሚመዘግበው የብርሃን ክፍል ነው) ለ2 ስታካፍል የብረት ዝገቱ፣ 6ን ለ7 ስታካፍል ሸክላው ይደምቃል። ሰውዬው ያሳጠሩት ለሬዲዮ ብለው ነው።

ባለገበቴ፦ ሸክላው ብቻ? ቅጠል ውስጥ ያለ ውሃም ባንድ 7ን ይውጠዋል። አዶላ ላይ 6ን ለ7 አካፍሎ «ሸክላ አገኘሁ» የሚል ሰው ጫካ ነው ያገኘው። ወለጋ ደግሞ 4 ለ2 የሚያደምቀው ቀይ አፈሩን ነው። አገሩ ሁሉ ወርቅ ሊሆን!

ፒክስል፦ ለዚህ ነዋ የጥር ምስል ተመርጦ፣ ዕፅዋቱ መጀመሪያ በኤንዲቪአይ (በአረንጓዴነት መለኪያው) ከምስሉ የሚቆረጠው። አፋር ሂድ፣ ድንጋዩ ራቁቱን ነው። አስተር የሚባለውን የሳተላይት ካሜራ ተጠቀም፤ ላንድሳት 2.2 ማይክሮን የብርሃን ሞገድ አካባቢ አንድ ባንድ ሲኖረው አስተር አምስት አለው። የሸክላ ማዕድኑን ካኦሊን ከሌላው ማዕድን ከክሎራይት ይለይልሃል።

ጠጠር፦ የአስተር እነዚያን አምስት ባንዶች የሚያነሳው ክፍሉ እኮ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2008 ጀምሮ ሞቷል!

ፒክስል፦ ድንጋዩ ከ2008 ወዲህ ቤት ቀይሯል እንዴ? የድሮው ምስል በነጻ አለ።

ኮንቱር፦ ቀለም ላይ ተጣበቃችሁ። መዶሻውን የት ይዘህ እንደምትሄድ የሚነግርህ የከፍታ ሞዴሉ (የመሬቱን ከፍታ በየነጥቡ የያዘው ዲጂታል ካርታ) ነው። የሞዴሉን ጉድጓዶች ሙላ፣ የውሃውን ፍሰት አስላ፣ ለወርቅ ምርመራ ደለል የተወሰደበትን ነጥብ ወንዙ መስመር ላይ አስቀምጥ፣ ከዚያ ውሃው ወደዚያ ነጥብ የሚወርድበትን ተፋሰስ አውጣ። ሰው የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው፦ የጂፒኤሱ ነጥብ ከመስመሩ አንድ ፒክስል ከወጣ፣ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር መሆን የነበረበት ተፋሰስ የአንድ ማሳ ያህል ሆኖ ይመጣል። ወርቁ የወረደበት ተራራ ከፍለጋው ውጭ ቀረ ማለት ነው።

ባለገበቴ፦ «ደለል የተወሰደበት» አልክ። ማን ወሰደው? ሳተላይቱ ወርዶ አጠበ?

ኮንቱር፦ ሰው ነው እንጂ። መዶሻ አያስፈልግም አልኩ እንዴ?

ባለገበቴ፦ እንግዳው ብለዋል፣ ፒክስልም ጥብቅና ቆሟል። ላም አለኝ በሰማይ! የመጀመሪያው ላንድሳት እ.ኤ.አ. በ1972 ከመነሳቱ 30 ዓመት በፊት አዶላ ላይ ወርቅ በገበቴ ይታጠብ ነበር። አሁን ካርታ አንጥፎ ያንን ሰው ካጠበበት ጅረት ሊያስነሱት ነው?

ፒክስል፦ ማን አስነሱ አለ? ናሙና ማስመርመር ገንዘብ ነው። ካርታው 400 ካሬ ኪሎ ሜትሩን ወደ 40 ቢያወርድልህ ምን ቀረብህ?

ጠጠር፦ የቀረው 360 ውስጥ ወርቁ ካለስ? የከፍታ ሞዴሉ የሚወጣበት ኤስአርቲኤም እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር የለካ ራዳር ነው፤ ጫካ ውስጥ የሚለካው መሬቱን ሳይሆን ወደ ዛፉ አናት የቀረበውን ነው። የጫካ ጠርዝ ወርቅ የሚፈለግበት የድንጋይ ስንጥቅ መስሎ ይወጣል። ሶፍትዌሩ በራሱ ያሰመረውን የስንጥቅ መስመር እዩት፣ መንገድ ሁሉ አለበት።

ኮንቱር፦ መስመር በእጅ ነው የሚሰመር። ከከፍታ ሞዴሉ የተራራ ጥላ ስትሠሩም ሶፍትዌሩ የሚሰጣችሁን የብርሃን አቅጣጫ፣ 315 ዲግሪን (ሰሜን ምዕራብን)፣ እንዳለ አትውሰዱ። አዶላ ላይ ዋናው መዋቅር ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው፤ ከ90 (ከምሥራቅ) ወይም ከ270 (ከምዕራብ) አብሩ።

ፒክስል፦ 315 ላይም ይታያል፣ አታጋን።

ኮንቱር፦ ይደበዝዛል። ከብርሃኑ ጋር ትይዩ የሆነው ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። አራት አቅጣጫ ሠርተህ አወዳድር እንጂ።

ባለገበቴ፦ እሺ፣ ከአራቱም አበራችሁ። መስመሩ ላይ ወርቅ መኖሩን በምን ታውቃላችሁ?

ፒክስል፦ በቁፋሮ።

ባለገበቴ፦ በመዶሻ በል፣ አይገድልህም።

ፒክስል፦ ቁፋሮ በመዶሻ አይደለም፣ በአልማዝ ጫፍ ነው።

ጠጠር፦ የጀመርነው ስለ ፈቃድ ነበር...