ጥቆማ፦ በኮድ ከለርን ከአንድ የቁጥር አጻጻፍ ወደ ሌላው ለመቀየር የትኛው መሣሪያ ይሻላል ለምትሉ

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ለምትሸጥ ዘመዴ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነበር። በጣም የምትወደው ጥለት ቢጫና ሰማያዊ ነው። እኔም የገጹን አናት ከቢጫ ወደ ሰማያዊ በሚሄድ ግራዲየንት ሞላሁት። መሃሉ ላይ አመድ የመሰለ ነገር መጣ። «ይሄ ምንድነው፣ ቆሽሾ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በአርጂቢ፣ ማለትም ቀለም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን ከ0 እስከ 255 በሚጻፍበት አሠራር፣ ንጹሕ ቢጫ 255፣ 255፣ 0 ነው። ንጹሕ ሰማያዊ ደግሞ 0፣ 0፣ 255። ሁለቱን ደምራችሁ ለሁለት ስታካፍሉ ሦስቱም ቁጥሮች 128 አካባቢ ይሆናሉ። ያ ግራጫ ነው። ኮዱ አልተሳሳተም፤ እኔ ነኝ ቀለሙን የማይሆን ቦታ ላይ የቀላቀልኩት።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ኤችኤስኤል ነው፤ ቀለምን በዓይነቱ፣ በድምቀቱና በብርሃኑ የሚጽፍ ነው። እኔም ሮጬ ነበር። ግን ኤችኤስኤል ቢጫውንም ሰማያዊውንም ብርሃናቸው 50 በመቶ ነው ይላችኋል። እስኪ ሁለቱም ላይ ነጭ ጽሑፍ ጻፉ። ሰማያዊው ላይ ቁልጭ ብሎ ይነበባል፣ ቢጫው ላይ ድራሹ ይጠፋል። ላብ (Lab) በሚባለው፣ ዓይን እንደሚያየው ተደርጎ በተሠራው መለኪያ ብርሃናቸውን ስትለኩት ቢጫው 97፣ ሰማያዊው 32 ገደማ ይሰጣችኋል። ዓይን የሚያየው ይሄንን ነው።

ስለዚህ ለስክሪን ሥራ የምመክረው ኦኬኤልሲኤች (OKLCH) የተባለውን የቀለም አጻጻፍ ነው። መሠረቱ ብዮርን ኦቶሰን በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኦኬላብ ነው። ኦኬኤልሲኤች ሦስት ቁጥር አለው፦ ብርሃን፣ ድምቀት፣ የቀለሙ ዓይነት በዲግሪ። ያንን ግራዲየንት በዚህ ስሠራው መሃሉ ወደ አረንጓዴ አልፎ ሰማያዊው ላይ አረፈ። አመዱ ጠፋ።

ለድረ ገጽ ብቻ ከሆነ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ክሮም ከ111፣ ፋየርፎክስ ከ113፣ ሳፋሪ ከ15.4 ጀምሮ ኦኬኤልሲኤችን ሲኤስኤስ (የድረ ገጽ መልክ የሚጻፍበት ኮድ) ውስጥ በቀጥታ ያነባሉ። ደንበኞቻችሁ የቆየ ስልክ ከያዙ ግን መጀመሪያ የተለመደውን ሄክስ (በ# የሚጀምረውን የአርጂቢ ኮድ) ጻፉ፣ አዲሱን ከሥሩ አስቀምጡ። የማያውቀው ብራውዘር ሁለተኛውን መስመር ዘሎ ያልፈዋል።

ላይብረሪ ካስፈለጋችሁ ጃቫስክሪፕት ላይ የኔ ምርጫ ኩሎሪ ነው። ቀላል ነው፣ የሚያስፈልጋችሁን ብቻ ማስገባት ይቻላል። በተለይ የምወድለት ድምቀት የሚቀንሰውን ፋንክሽን ነው። ኦኬኤልሲኤች ውስጥ ስክሪን ጭራሽ ሊያሳየው የማይችል ቀለም መጻፍ ይቻላል። ያ ቁጥር ስክሪኑ በሚችለው ልክ በግድ ሲቆረጥ ቀለሙ ዓይነቱን ይለውጣል። ኩሎሪ ድምቀቱን እያወረደ ሌላውን በተቻለ መጠን ይጠብቅላችኋል። ክሮማ ጄኤስ ለካርታና ለቻርት ይመቻል፤ አምስት ደረጃ ያለው የቀለም መሰላል በአንድ መስመር ታወጣላችሁ። ግን ካልነገራችሁት በአርጂቢ ነው የሚቀላቅለው፣ ሞዱን (የሚቀላቅልበትን አሠራር) መቀየር እንዳትረሱ። ከለር ጄኤስ ደግሞ የሲኤስኤስን የቀለም ደንብ ከሚያዘጋጁት መካከል ያሉት ሊያ ቬሩና ክሪስ ሊሊ የጀመሩት ነው። ከበድ ይላል፤ ትክክለኛነቱ ግን ያረካል።

ፓይተን ላይ አብሮ የሚመጣው ከለርሲስ አለ። ምንም መጫን አይጠይቅም፣ ግን ላብ የለውም፤ ቁጥሩንም ከ0 እስከ 1 ነው የሚፈልገው። ለፎቶ ሳይኪት ኢሜጅን ያዙ። የአርጂቢ ቁጥር ከብርሃን መጠን ጋር ቀጥታ አይሄድም፤ ወደ ላብ ከመግባቱ በፊት ወደ እውነተኛው የብርሃን መጠን መመለስ አለበት። ይሄ ላይብረሪ ያንን ራሱ ይሠራላችኋል። ከኢንተርኔት የሚገለበጠው አጭር ኮድ ግን ብዙ ጊዜ ይህችን እርምጃ ይዘላታል።

ሌላው የፎቶ ላይብረሪ ኦፕን ሲቪ ፈጣን ነው፣ ወጥመዱ ግን ሁለት ነው። ፎቶ ሲያነብ ሰማያዊውን አስቀድሞ፣ ቀዩን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ይህን ሳላውቅ የቀሚሶቹ ቀይ ጥለት በሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ወጥቶልኝ ግማሽ ቀን ካሜራውን ስመረምር ዋልኩ። ሁለተኛው፣ በተለመደው ባለ 8 ቢት ፎቶ የቀለም ዲግሪው እስከ 360 ሳይሆን እስከ 179 ነው። ቀይ በሁለቱም ጫፍ ይገኛል። ቀይ ጥለት ለይታችሁ ማውጣት ከፈለጋችሁ ከ0 አካባቢም ከ179 አካባቢም ሰብስቡ።

አሁን ወደ ሕትመት። እዚህ ላይ እባካችሁ ጥንቃቄ አድርጉ። ፒሎው የተባለው የፓይተን ፎቶ ላይብረሪ በአንድ ትእዛዝ ወደ ሲኤምዋይኬ (ማተሚያ ወደሚጠቀምባቸው ውሃ ሰማያዊ፣ ሮዝማ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለሞች) ይቀይራል፣ ግን የሚሠራው እያንዳንዱን ቁጥር ከ255 መቀነስ ብቻ ነው። ጥቁር ጽሑፍ ስትሰጡት ሦስቱን ቀለሞች መቶ መቶ በመቶ ሞልቶ ጥቁሩን ባዶ ይተወዋል። ያ 300 በመቶ ቀለም ነው፤ ወረቀቱ ይረጥባል፣ ጽሑፉ ይደበዝዛል። እዚያው ፒሎው ውስጥ ያለውን ኢሜጅ ሲኤምኤስ ተጠቀሙ፣ ከማተሚያ ቤቱ የአይሲሲ ፕሮፋይል (ማሽኑ ቀለምን እንዴት እንደሚያወጣ የሚገልጽ ፋይል) ጠይቃችሁ።

ለባነር ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ትልልቅ ማሽኖች በራሳቸው ሶፍትዌር ስለሚቀይሩ አርጂቢ ፋይል ይበቃቸዋል። እኔ ሳልጠይቅ ራሴ ቀይሬ ልኬ የዘመዴ ባነር ፈዞ መጣ። ገንዘቡ ሄደ። በሁለተኛው ዙር አርጂቢውን እንዳለ ላክሁ፣ አንድ ስንዝር ናሙናም አስወጣሁ። ከእውነተኛው ጥለት ቁራጭ ይዤ ሄጄ በር ላይ፣ በቀን ብርሃን ጎን ለጎን አስተያየሁት። ሰማያዊው ትንሽ ወደ ሐምራዊ ያዘነብል ነበር። ፋይሉ ላይ የቀለሙን ዲግሪ ጥቂት መለስ አደረግኩትና ሙሉውን አሳተምኩ።