የቪትዜ መስታወት እስከ ላይ አልወጣ አለ

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ መንገድ ዳር ነው የማቆማት። የጋቢናው መስታወት ግማሽ ላይ ይቆማል። ማብሪያውን ስጫን የመስታወቱ ሞተር ድምፅ ያሰማል። በእጄ ስደግፈው ግን ይዘጋል። አንድ ጋራዥ በሩን ሳይከፍት «ሞተሩ ተቃጥሏል» አለኝ። ክረምቱ ደግሞ ደረሰ። ምን ላድርግ?

የመኪና ኤሌትሪሽያን፦ እህቴ፣ ሞተሩን አትቀይሪ! በእጅ ሲደገፍ ከወጣ ሞተሩ አልሞተም፣ ጉልበት አንሶታል። መጀመሪያ መስታወቱ የሚንሸራተትበትን የጎማ ቦይ እዪው። የመንገዱ አቧራ እዚያ ውስጥ ገብቶ ጭቃ ይሆናል። መስታወቱን አውርጂና እርጥብ ጨርቅ በቀጭን እንጨት ጠቅልለሽ ከላይ እስከ ታች ጥረጊው። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሲደርቅ ሲሊኮን ስፕሬይ ንፊበት። ግራሶ በፍጹም! አቧራ ይሰበስባል፣ ጎማውንም ያበላሻል። እስከዚያው ማብሪያውን ተጭነሽ አትቆዪ፣ ሞተሩን የሚያቃጥለው እሱ ነው።

ሌላ መልስ፦ ከሹፌር በር እምቢ ብሎ ከራሱ በር ከሰራ፣ የሹፌሩን ማብሪያ ጠርጥሪ። ሁሉም ዝም ካሉ ፊውዝ።

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ! ጠረግኩት፣ እስከ ላይ ወጣ። ግን ሲወርድ ቀጭ ቀጭ ይላል።

የመኪና ኤሌትሪሽያን፦ እንግዲያው የሬጉሌተሩ (መስታወቱን የሚያወጣና የሚያወርደው ዕቃ) ካቦ መላላት ሳይጀምር አይቀርም። ሳይበጠስና መስታወቱ በር ውስጥ ሳይወድቅ አስፈቺው። መለዋወጫ ልትገዢ ሶማሌ ተራ ስትሄጂ አሮጌውን ሬጉሌተር ይዘሽ ሂጂ፤ የግራና የቀኙ አይገጣጠምም።