የጃፓን ሰይፍ የትና መቼ እንደተሠራ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ግንባር የተዋጉ አንድ አሜሪካዊ አዛውንት ሲያርፉ ልጆቻቸው የቤቱን ንብረት ሲሸጡ፣ አንድ የጃፓን ሰይፍ ገዛሁ። አፎቱ በቡናማ ቆዳ ተሸፍኗል፤ የእጀታው ጌጦችም የቼሪ አበባ ቅርጽ አላቸው። ስለቱ ወደ 67 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሲሆን የዝገት ነጠብጣብ ይታይበታል። ጥንታዊ መሆኑንና ከየትኛው የጃፓን ክፍል እንደመጣ እንዴት ላውቅ እችላለሁ? ዝገቱንስ በብርጭቆ ወረቀት ባነሳው ጉዳት አለው?

መልስ (የቆዩ የጦር መሣሪያዎችን የሚሰበስብ አባል)
እባክዎ፣ ብርጭቆ ወረቀት ፈጽሞ አያስነኩት። የሰይፉ ማንነት የሚነበበው ከብረቱ ገጽታ ላይ ስለሆነ፣ እሱን መፋቅ ማስረጃውን ማጥፋት ነው፤ የተበላሸውን ለመመለስም የሠለጠነ ሞራጅ ከስለቱ ላይ ተጨማሪ ብረት ለማንሳት ይገደዳል። በባዶ እጅም አይንኩት፣ ላብ ያዝገዋልና።

የገለጹት አፎትና እጀታ ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ለመኮንኖቿ ያሠራችው ዓይነት ይመስላል። ይህ ግን ስለ ስለቱ ዕድሜ የሚነግረን ነገር የለም፤ ብዙ መኮንኖች ከአባቶቻቸው የወረሱትን አሮጌ ስለት በአዲስ እጀታ አስገጥመው ዘምተዋል። በአገራችንም ከአውሮፓ የመጣ ስለት የአገር ቤት እጀታ የተገጠመላቸው የቆዩ ጎራዴዎች ብዙ ናቸውና ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ እጀታውን ማውለቅ ያስፈልጋል። በእጀታው ላይ ትንሽ የቀርከሃ ችንካር ያገኛሉ፤ ከቀጭኑ ጫፍ በኩል በእንጨት ዘንግ ቀስ ብለው መታ መታ አድርገው ያውጡት። ከዚያም ሰይፉን ጫፉን ወደ ላይ፣ ጥቂት ዘመም አድርገው በግራ እጅዎ እጀታውን ይያዙና የግራ አንጓዎን በቀኝ ጡጫዎ ቀለል አድርገው ይምቱት። እምቢ ካለ አያስገድዱት። እጀታው ውስጥ የነበረው ጭራ ናካጎ ይባላል። በእሱ ላይ ያለው ዝገት የዕድሜ ምስክር ስለሆነ እንዳለ ይተዉት፤ ዘይትም አይቀቡት። አንጥረኛው ናካጎው ላይ ከሚቀርጸው ፊርማ አጠገብ «ሾዋ» ወይም «ሴኪ» የሚል ትንሽ ማኅተም ካለ፣ በጦርነቱ ዘመን በጥንቱ ሥርዓት ሳይሆን የተሠራ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በስለቱ ላይ ተከታታይ ቁጥር ከተመታበት ደግሞ ለበታች ሹማምንት በፋብሪካ የተመረተ ነው።

መልስ (የብረታ ብረት ባለሙያ)
እኔ በሐሞኑ ላይ ላተኩር። አንጥረኛው ስለቱን ጀርባው ላይ ወፈር፣ ጠርዙ ላይ ሳሳ አድርጎ ሸክላ ይቀባዋል፤ አግሎ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ጠርዙ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ጀርባው ግን ለስለስ ብሎ ይቀራል። ሐሞን የምንለው ነጣ ያለ መስመር በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ነው። ክፍሉን አጨልመው አንድ አምፖል ብቻ ያብሩና ስለቱን ወደ ብርሃኑ ዘንበል ቀና ያድርጉት። በመስመሩ ላይ ጉም የመሰለ ብርሃን (ኒዮይ) ወይም በዓይን የሚለዩ ብልጭ የሚሉ ቅንጣቶች (ኒኤ) ከታዩ መስመሩ በእርግጥ ከእሳትና ከውሃ የተገኘ ነው። በአሲድ የተሣለ ሐሰተኛ መስመር ግን በየትኛውም አቅጣጫ ቢያዩት አንድ ዓይነት ንጣት ነው ያለው።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳላችሁት አደረግሁ። ጭራው ወደ ጥቁር ያዘነበለ ቡናማ ነው፤ ሁለት የችንካር ቀዳዳዎች አሉት፤ ማኅተም የለውም። ጃፓንኛ የምታነብ ባልደረባዬ ፊርማው «ካኔሞቶ» እንደሚል ነገረችኝ። ሐሞኑ ሹል ጫፎች የተደረደሩበት ሲሆን ቅንጣቶችም ይታዩበታል።

መልስ (በጃፓን የተማረ አባል)
የጃፓን ሰይፍ ሥራ አምስት ዋና የአሠራር ወጎች አሉት፤ እነሱም ያማሺሮ፣ ያማቶ፣ ቢዘን፣ ሶሹና ሚኖ ናቸው። ሹል ሐሞን የሚኖ መለያ ነው፤ ካኔሞቶም ዛሬ ጊፉ በሚባለው በዚያው አካባቢ የሠሩ የብዙ ትውልድ አንጥረኞች ስም ነው። ከሁሉም የገነነው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሠራው ሁለተኛው ትውልድ ሲሆን፣ «ሦስቱ ጥዶች» የሚባለው የእሱ ሐሞን ከፍታውና ርቀቱ የተዘበራረቀ ነው። የኋለኞቹ ትውልዶች ግን እኩል እኩል አድርገው ደርድረውታል። የእርስዎ የትኛውን እንደሚመስል ይመልከቱ።

ሆኖም በፊርማው ብቻ አይፍረዱ። የታዋቂ አንጥረኞችን ስም በሌላ ስለት ላይ መቅረጽ በጃፓን ለዘመናት የኖረ ልማድ ነው፤ የካኔሞቶም ስም ከዚህ አላመለጠም። ቅርጹ፣ የብረቱ ንድፍና ሐሞኑ ወደ አንድ ቦታ ሲያመለክቱ ነው ፊርማው የሚታመነው። ሁለተኛው ቀዳዳ ስለቱ እንዳጠረ ወይም እጀታው እንደተለወጠ ይጠቁማል፤ ፊርማው ወደ ጭራው መጨረሻ ከወረደ ማጠሩ የበለጠ ያሳምናል።

የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው የጃፓን የጥበብ ሰይፎች ጥበቃ ማኅበር ቶኪዮ ውስጥ የሚያካሂደው ምርመራ ነው። ወጪው ከባድ ስለሆነ አስቀድመው በአቅራቢያዎ ላለ የሠለጠነ ሞራጅ ያሳዩት። እስከዚያው ግን የጭራውን ሁለቱንም ገጽ፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃንና ያለ ፍላሽ ፎቶ አንስተው ይላኩልን፤ የሞረድ ምልክቶቹን አቅጣጫም አብረን እናያለን።