የወንድሜን ልጅ ሕክምና ከየት ልጀምር?

በአእምሮ ጤና ሙያ ላይ ያላችሁ ወገኖች ምክራችሁን እሻለሁ። የ15 ዓመት የወንድሜን ልጅ አዲስ አበባ አሳድጋለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከወላጆቹ ጋር ተፈናቅሎ ነበር፤ አምና ደግሞ አባቱ በሕመም አረፈ፣ እናቱም ለሥራ ዓረብ አገር ስለሄደች ወደ እኔ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ዓይኑ ሳይከደን ያነጋል፤ ጠዋት ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱ ያልፋል። ራሱንና ሆዱን ያመኛል ቢልም ጤና ጣቢያ የተደረገለት የደምና የሰገራ ምርመራ ምንም አላሳየም። ትምህርት ቤቱ ነገሩን ከስንፍና ቆጥሮ «ወላጅ አምጣ» ይለዋል (የትኛውን ወላጅ እንደሆነ እንጃ)።

ዘመዶች ጠበል ይበቃዋል፣ አማኑኤል ሆስፒታል ከታየ «እብድ» የሚል ስም ይወጣለታል ይላሉ፤ እኔ ጠበሉን ባልቃወምም ሕክምናውን ይተካል ብዬ አላምንም። ይበልጥ ያስጨነቀኝ ሰሞኑን «ተኝቼ ባልነቃ ይሻለኝ ነበር» ማለቱ ነው። ራሱን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ብጠይቀው ሐሳቡን አነሳሳበት ይሆን ወይስ ይቀለዋል? የጤና ጣቢያ ሪፈር ማጻፍ ግድ ነው ወይስ በቀጥታ ልውሰደው? እስከዚያው ብቻውን እንዳይሆን ከመጠበቅ ሌላ ምን ላድርግ?