ጥቆማ፦ ልጄ ኦቲዝም ይኖርበት ይሆን ብሎ ለሚጠይቅ የድሬዳዋ ወላጅ

ሁለት ዓመት ከሦስት ወር የሆነው ልጅዎ ስሙ ሲጠራ ዞር እንደማይል፣ የሚፈልገውንም በጣቱ ጠቁሞ እንደማያሳይ ገልጸው የት ልውሰደው ላሉን እናት፣ እኔ ያለፍሁበትን አነጻጽሬ እጽፋለሁ።

ከሁሉ አስቀድመው ጆሮውን ያስመርምሩ፤ የማይሰማ ልጅም ሲጠሩት ዞር አይልምና። «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ተብዬ ከአንድ ክሊኒክ በመመለሴ አንድ ዓመት ሙሉ አጥቻለሁ። ከከዚራም ሆነ ከሳቢያን ለሚነሳ ሰው የድል ጮራ ሆስፒታል ቅርብ ስለሆነ መጀመሪያው እዚያ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሐረር ያለው ሕይወት ፋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል በመሆኑ ወደዚያ ከተላኩ የደንገጎን ዳገት መውጣቱ አይክበድዎ። ለሐኪሙ ልጁ ሲጫወት የተቀረጸ ቪዲዮ ያሳዩ። ኤም-ቻት የተባለው 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ስለሆነ ለልጅዎ ይሆናል፤ ይሁንና ቀጣይ ምርመራ የሚያስፈልገውን ልጅ ይለያል እንጂ ኦቲዝም ነው ብሎ አይበይንም።

ስለ «እምቢተኝነት» ለጠየቁት ደግሞ፣ የእኔ ልጅ ጫማህን አድርግ ሲባል «እግሬ ሞቷል» ብሎ ይተኛ ነበር፤ ለሚወደው አይስክሬም እንኳ «ና እንሂድ» ካልሁት አልጋ ሥር ይገባል። እልኸኛ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ትእዛዝ ሲሰማ ጭንቀት ይይዘው ኖሯል። እንግሊዛዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤልሳቤጥ ኒውሰን በ1980ዎቹ ለዚህ ትእዛዝን በጭንቀት የመሸሽ ጠባይ «ፒዲኤ» (ፓቶሎጂካል ዲማንድ አቮይዳንስ) የሚል ስም ብትሰጠውም፣ በምርመራ መመሪያዎች ራሱን ችሎ ስለማይገኝ ሐኪሙ ካርድ ላይ ካልጻፈው አይቀየሙት።

ከገዛኋቸው ዕቃዎች በድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ያገኘሁት ጫጫታ የሚቀንስ የጆሮ መሸፈኛ ባጃጅ ውስጥ በእጅጉ ረድቶታል። በታዘዘ ቁጥር ኮከብ የሚለጠፍበት የሽልማት ሰንጠረዥ ግን እሱም ሌላ ትእዛዝ ሆነበትና ቀደደው። ከሁለቱም የበለጠው ገንዘብ የማይጠይቀው ነው፦ አድርግ ብዬ ሳላዝዘው ሁለት ጥንድ ጫማ ደጃፍ ላይ አስቀምጬ «ዛሬ መሬቱ ግሏል» እልና ወደ ጓዳ እገባለሁ፤ ስመለስ ብዙውን ጊዜ አንዱን አጥልቆ አገኘዋለሁ።

አዲስ አበባ ያለው፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል በሥራው የታወቀ ነው፤ ሆኖም ልጁን ይዘው ከመነሳትዎ በፊት ቦታ መኖሩን በስልክ ያረጋግጡ።